ከፖዚትሮንና ኤሌክትሮን ሬሾ የሁለት ፎቶን ልውውጥን ማውጣት፦ ከሀ እስከ ፐ

ኤሌክትሮን ፕሮቶንን ሲመታ ምን ይፈጠራል? የመማሪያ መጽሐፉ መልስ አጭር ነው። አንድ ምናባዊ ፎቶን ይለዋወጣሉ፤ ኤሌክትሮኑ አቅጣጫውን ይቀይራል፣ ፕሮቶኑም ተገፍቶ ይሄዳል። ሮበርት ሆፍስታተር በ1950ዎቹ ስታንፎርድ ላይ የፕሮቶንን ስፋት የለካው ይህን ሥዕል ይዞ ነው። በ1961 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥዕሉ ግን ሙሉ አይደለም። ሁለት ፎቶን የሚለዋወጡበት መንገድም አለ። የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት በመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት እዚህ ግባ የማይባል ነገር ተደርጎ ታልፏል። በ2000 አካባቢ ግን ሁለት የታመኑ የመለኪያ ዘዴዎች በአንድ ፕሮቶን ላይ ሁለት የተለያየ መልስ ሰጡ። ያኔ ሁሉም ወደዚያ ችላ ወደተባለው ሁለተኛ ፎቶን ዞሮ ማየት ጀመረ።

ይህ መመሪያ ያንን ትንሽ ለውጥ ከፖዚትሮን (ቻርጁ ፖዚቲቭ የሆነ የኤሌክትሮን አቻ) እና ከኤሌክትሮን መረጃ እንዴት እንደምናወጣው ያሳያል። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ሊከተለው ይችላል። ሱፐር ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ኤክሴል ይበቃል፣ ፓይተን ካላችሁ ደግሞ እሰየው። ስሌቱን አብራችሁኝ ካልሠራችሁ ግን ብዙም አይጠቅማችሁም።

አንድ ጥያቄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጃችሁ ያዙ፦ «ቻርጁ ሲገለበጥ ይህ ነገር ምልክቱን ይገለብጣል ወይስ አይገለብጥም?» ሥራው በሙሉ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው።

ደረጃ 1፦ ቅራኔውን በቁጥር አስቀምጡት

የፕሮቶን ቅርጽ በሁለት ፎርም ፋክተሮች ይገለጻል። ኤሌክትሪካዊውን ጂኢ፣ ማግኔታዊውን ጂኤም እንበለው። የመጀመሪያው ዘዴ ማርሻል ሮዘንብሉዝ በ1950 ባወጣው ቀመር ላይ ይቆማል። ቀመሩ ሲቀል እንዲህ ነው፦

የተስተካከለ ክሮስ ሴክሽን = ታው × ጂኤም² + ኢፕሲሎን × ጂኢ²

ክሮስ ሴክሽን ግጭቱ የመፈጠር ዕድሉ ልኬት ነው። ታው የሚወሰነው በኪው² ብቻ ነው፤ ኪው² ደግሞ ፎቶኑ ያስተላለፈው የሞመንተም መጠን ስኩዌር ነው። ኢፕሲሎን ከ0 እስከ 1 የሚሄድ ቁጥር ነው፣ የምናባዊውን ፎቶን ፖላራይዜሽን ይነግረናል። ኪው²ን ሳትነኩ ማዕዘኑንና የጨረሩን ጉልበት ትቀያይራላችሁ። ነጥቦቹ ከኢፕሲሎን አንጻር ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። የመስመሩ ስሎፕ ጂኢ²ን ይሰጣል፣ መነሻው ጂኤም²ን።

ሁለተኛው ዘዴ ፖላራይዜሽንን ይጠቀማል። አኺዬዘርና ረካሎ ሐሳቡን በ1968 አቅርበውት ነበር። በተግባር በከፍተኛ ኪው² የተሠራው ግን ቨርጂኒያ በሚገኘው ጀፈርሰን ላብ ነው፣ የመጀመሪያው ውጤት በ2000 ወጣ። እዚህ የሚለካው የተገፋው ፕሮቶን የስፒን አቅጣጫ ነው፤ ጂኢ ለጂኤም ያለው ሬሾ በቀጥታ ከእሱ ይወጣል።

አሁን ኪው² = 4 ላይ እንቁም። (ጉልበትን በጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት እለካለሁ፣ ባጭሩ «ጊጋ» እያልኩ። ለኪው² የእሱ ስኩዌር ነው።) የፕሮቶን መጠነ ቁስ 0.9383 ጊጋ ስለሆነ ታው = 4 ÷ (4 × 0.9383²) = 1.136 ይሆናል። የፕሮቶን ማግኔታዊ ሞመንት 2.793 ነው፣ ስኩዌሩ 7.80። ይህን ሞመንት በጂኢ አባዝተን ለጂኤም ስናካፍል የሚገኘውን ሬሾ «የቅርጽ ሬሾ» እንበለው። መስመሩን በታው × ጂኤም² ብናካፍለው ስሎፑ ይህ ነው፦

ስሎፕ = (የቅርጽ ሬሾ)² ÷ (7.80 × 1.136)

የፖላራይዜሽን ዘዴ እዚህ ኪው² ላይ የቅርጽ ሬሾው ግማሽ አካባቢ ነው ይላል። 0.25 ÷ 8.86 = 0.028። የሮዘንብሉዝ ዘዴ ደግሞ ወደ 0.9 የተጠጋ ነው ይላል። 0.81 ÷ 8.86 = 0.091። ልዩነቱ 0.063 ነው።

ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ እዩት። ትክክለኛው የፖላራይዜሽኑ መልስ ከሆነ፣ በሮዘንብሉዝ መስመር ላይ ከምናየው ስሎፕ ሁለት ሦስተኛው የጂኢ አይደለም ማለት ነው። ሌላ ነገር ጂኢን መስሎ ገብቷል። ክሮስ ሴክሽኑን በ6 በመቶ ብቻ የሚያዛባ ነገር ለዚህ ይበቃል፣ ምክንያቱም የጂኢ የራሱ ድርሻ ገና ከመነሻው ትንሽ ነው። የፖላራይዜሽኑ ዘዴ ግን ሬሾን በቀጥታ ስለሚለካ ጥቂት በመቶ ስህተት ቢገባበት መልሱም የሚዛነፈው በጥቂት በመቶ ነው።

«ሮዘንብሉዞቹ ሲለኩ ተሳስተው ይሆናል» የሚል ሐሳብም ነበር። በ2005 የወጣ የጀፈርሰን ላብ ሙከራ በኤሌክትሮኑ ፋንታ ፕሮቶኑን እየያዘ ለካ፤ ብዙ የተለመዱ የስህተት ምንጮች በዚህ ተወገዱ። ቅራኔው ግን ንቅንቅ አላለም።

ደረጃ 2፦ ፖዚትሮን ለምን እንዳስፈለገ ተረዱ

የአንድ ፎቶን መንገድ ስፋቱ (አምፕሊቲዩዱ) ከተበታኙ ቻርጅ ጋር አንድ ጊዜ ይባዛል። የሁለት ፎቶን መንገድ ሁለት ጊዜ። ክሮስ ሴክሽን ለማግኘት ስፋቶቹን ደምረን ስኩዌር እናደርጋለን። የአንዱ ፎቶን ስኩዌር ቻርጁን ሁለት ጊዜ ይይዛል፣ ምልክቱ አይቀየርም። የሁለቱ መንገዶች ድብልቅ ግን ቻርጁን ሦስት ጊዜ ይይዛል። ኔጌቲቩን ፖዚቲቭ ስታደርጉት ምልክቱ ይገለበጣል።

ስለዚህ ሁለተኛው ፎቶን የሚያመጣውን ለውጥ ዴልታ ብንለውና ለኤሌክትሮን ክሮስ ሴክሽኑ (1 + ዴልታ) ከሆነ፣ ለፖዚትሮን (1 − ዴልታ) ነው። ሬሾው፦

አር = ፖዚትሮን ÷ ኤሌክትሮን = (1 − ዴልታ) ÷ (1 + ዴልታ)፣ ይህም ወደ 1 − 2 × ዴልታ ይጠጋል

ውበቱ እዚህ ነው። የዒላማው ውፍረት፣ ለሁለቱም እኩል የሆነ የዲቴክተር ጉድለት፣ የጂኢና የጂኤም እሴት ሁሉ ይጣፋሉ። ሚዛኑ ለሁለት ደንበኛ እኩል ካጭበረበረ ማን የበለጠ እንደገዛ ለማወቅ አይከለክልም። ችግር የሚመጣው ለአንዱ ብቻ ሲያጭበረብር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ለአንዱ ብቻ የሚያደላውን ነገር የማደን ሥራ ናቸው።

አንድ ማሳሰቢያ። አር የሚነግረን የሁለት ፎቶንን ስፋት ሪያል ክፍል ብቻ ነው። ኢማጂነሪው ክፍል የሚታየው በጎን ፖላራይዝድ በሆነ ጨረር ወይም ዒላማ ላይ በሚለካ ያለመመጣጠን ነው። ሁለቱን አታደባልቁ።

ደረጃ 3፦ መረጃውን ምረጡ

በዘመናችን ይህን ሬሾ የለኩ ሦስት ሙከራዎች አሉ። ሦስቱም ውጤታቸውን አሳትመዋል፣ ሰንጠረዦቹን ማግኘት አይከብድም። ዘዴያቸው በጣም ስለሚለያይ ቁጥሩን ከመቅዳታችሁ በፊት እንዴት እንደተገኘ እወቁ።

አንደኛው ሩሲያ ኖቮሲቢርስክ ባለው ቬፕ-3 የተባለ የቅንጣት ማከማቻ ቀለበት ላይ የተሠራው ነው፤ ጉልበቱ ወደ 1.0 እና 1.6 ጊጋ ነው፣ ውጤቱ በ2015 ወጣ። ሁለተኛው በዚያው ዓመት ያሳተመው የጀፈርሰን ላብ ክላስ ነው። ክላስ ያደረገው ነገር ደፋር ነው። ኤሌክትሮኖቹን ወደ ፎቶን፣ ፎቶኖቹን ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ጥንድ ቀይሮ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ዒላማው ላይ ለቀቃቸው። ጨረሩ አንድ ወጥ ጉልበት የለውም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ግጭት ጉልበት ከወጡት ቅንጣቶች ወደኋላ ማስላት ነበረባቸው።

ሦስተኛው ሃምቡርግ በሚገኘው ዴዚ የተሠራው ኦሊምፐስ ነው። ዶሪስ የተባለውን ቀለበት ተጠቅሞ 2.01 ጊጋ የሆኑ ኤሌክትሮኖችንና ፖዚትሮኖችን እያፈራረቀ፣ በቀለበቱ ውስጥ በተቀመጠ የሃይድሮጅን ጋዝ ላይ አሳለፈ። ዲቴክተሩ ቀድሞ ኤምአይቲ-ቤትስ የነበረው ብላስት ነው። ዶሪስ በጃንዋሪ 2013 ለዘለቄታው ሲዘጋ ሙከራው መረጃውን ሰብስቦ ጨርሶ ነበር። ውጤቱ በ2017 ታተመ። ለልምምድ ከዚህ እንድትጀምሩ እመክራለሁ። የጨረሩ ጉልበት አንድ ስለሆነ ስሌቱ ንጹሕ ነው።

ደረጃ 4፦ ማዕዘኑን ወደ ኪው² እና ኢፕሲሎን ቀይሩ

አራት ቀመር ይበቃል። ቴታ የመበተኛ ማዕዘኑ ነው።

የወጪ ጉልበት = የመጪ ጉልበት ÷ [1 + (2 × የመጪ ጉልበት ÷ መጠነ ቁስ) × ሳይን²(ቴታ/2)]

ኪው² = 4 × የመጪ ጉልበት × የወጪ ጉልበት × ሳይን²(ቴታ/2)

ታው = ኪው² ÷ (4 × መጠነ ቁስ²)

ኢፕሲሎን = 1 ÷ [1 + 2 × (1 + ታው) × ታንጀንት²(ቴታ/2)]

2.01 ጊጋ እና 60 ዲግሪ ላይ ሞክሩት። የወጪ ጉልበት 0.97 ጊጋ፣ ኪው² 1.95፣ ታው 0.554፣ ኢፕሲሎን 0.49 መውጣት አለበት። በ30 ዲግሪ ደግሞ ኪው² 0.84፣ ኢፕሲሎን 0.85። ካልገጠማችሁ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ኤክሴል ማዕዘንን በሬዲያን እንጂ በዲግሪ እንደማይቀበል ነው። አብዛኛው ሰው የሚደናቀፈው እዚያ ላይ ነው።

ከዚህ ስሌት አንድ የሚያናድድ ነገር ትረዳላችሁ። የጨረሩ ጉልበት ቋሚ ሲሆን ኢፕሲሎን ሲቀንስ ኪው² ይጨምራል። ሁለቱን ለይታችሁ ማንቀሳቀስ አትችሉም። ስለዚህ የኦሊምፐስን ነጥቦች ከኢፕሲሎን አንጻር ስትስሉ የሁለቱን ጥምር ለውጥ እያያችሁ ነው።

ደረጃ 5፦ ትክክለኛውን ግጭት ለዩ፣ በቂ መሆኑንም አረጋግጡ

ከታተመ ሰንጠረዥ የምትሠሩ ከሆነ ይህ ተሠርቶላችኋል። ምን እንደተደረገ ማወቅ ግን የግድ ነው።

ንጹሕ ግጭት ሲሆን ሁለት ቅንጣት ብቻ ይወጣል፣ ስለዚህ አንዱ ሌላውን ያጋልጣል። ኤሌክትሮኑ በ60 ዲግሪ ከወጣ፣ በ2.01 ጊጋ ፕሮቶኑ 29 ዲግሪ አካባቢ መገኘት አለበት። ኤሌክትሮኑ በ30 ዲግሪ ከሆነ ፕሮቶኑ 50 ዲግሪ ገደማ ነው። ከጨረሩ ዙሪያ ሲታዩም ፊት ለፊት፣ በ180 ዲግሪ መቆም አለባቸው። ከዚህ ውጭ የሆነ ሁሉ ፓዮን (ሌላ ቅንጣት) የፈጠረ ግጭት ወይም የተሳሳተ ጥንድ ነው።

አሁን ጥያቄያችንን እንጠይቅ። ቻርጁ ሲገለበጥ እዚህ ምን ይለወጣል? በኤሌክትሮን ጊዜ ሁለቱ ቅንጣቶች በማግኔት ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ ይታጠፋሉ፣ መለየት ቀላል ነው። በፖዚትሮን ጊዜ ሁለቱም ፖዚቲቭ ናቸው። የመታጠፊያ አቅጣጫ ብቻ አይበቃም፣ የበረራ ጊዜ ያስፈልጋል። ተደባልቆ የሚገባው ቆሻሻም በሁለቱ ጊዜ እኩል አይደለም። ስለዚህ ቆሻሻው ለየብቻ ተገምቶ መቀነስ አለበት።

ማግኔቱ ራሱ ደግሞ ትልቁ አድሎኛ ነው። በአንድ የማግኔት አቀማመጥ ኤሌክትሮን ወደ ውጭ ከታጠፈ ፖዚትሮን ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ስለዚህ ሁለቱ የሚያርፉት በተለያየ የዲቴክተር ክፍል ላይ ነው። መድኃኒቱ ማግኔቱን መገልበጥ ነው። በአንዱ አቀማመጥ የተገኘውን ሬሾ በሌላኛው ከተገኘው ጋር አባዝታችሁ ስኩዌር ሩት ስትወስዱ አድሎው ይጣፋል። ክላስ ማግኔቶቹን እየገለበጠ ሠርቷል። ኦሊምፐስም እንዲሁ ሊያደርግ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን በተገለበጠው አቀማመጥ ዝቅተኛ ጉልበት ያላቸው ኤሌክትሮኖች ወደ ዲቴክተሩ እየጎረፉ አስቸገሩት። ስለዚህ አብዛኛውን መረጃ በአንድ አቀማመጥ ሰበሰበ፣ ልዩነቱንም በዝርዝር የሞንቴ ካርሎ ሲሙሌሽን አረመ። ኦሊምፐስን ስትጠቅሱ ይህ ልብ ይባል።

ስንት ግጭት ይበቃል? የሬሾው ስታቲስቲካዊ ስህተት ስኩዌር ሩት(1÷ፖዚትሮን + 1÷ኤሌክትሮን) ነው። ለ1 በመቶ ከእያንዳንዱ 20,000 ግጭት ያስፈልጋል። ለግማሽ በመቶ 80,000። በሰፊ ማዕዘን ክሮስ ሴክሽኑ ስለሚያሽቆለቁል፣ የምንፈልገው ለውጥ ትልቅ የሚሆንበት ቦታ መረጃ የሚነጥፍበት ቦታ ነው።

ደረጃ 6፦ ሉሚኖሲቲውን አትመኑ፣ ፈትሹት

ሉሚኖሲቲ ስንል ስንት ቅንጣት በምን ያህል ዒላማ ላይ እንዳለፈ የሚናገረውን ልኬት ማለታችን ነው። ዒላማው ላይ ያለፉት ፖዚትሮኖች ከኤሌክትሮኖቹ በ1 በመቶ ቢበዙና ባታውቁት፣ አር በ1 በመቶ ይዋሻል። የምንፈልገው ምልክትም 1 በመቶ ነው። ጣጣው ይኸው ነው።

ኦሊምፐስ ሁለት የተለያዩ መቆጣጠሪያዎች ነበሩት። አንደኛው በ12 ዲግሪ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ኪው² እዚያ 0.17 አካባቢ፣ ኢፕሲሎን 0.98 ስለሆነ የሁለት ፎቶን ውጤት በጣም ያነሰ ይሆናል። ሁለተኛው በ1.29 ዲግሪ ላይ ሆኖ የጨረሩ ቅንጣት ከአተሙ ኤሌክትሮን ጋር ሲጋጭ ይቆጥራል። ልብ በሉ፣ ይህ መቆጣጠሪያ ራሱ ለሁለቱ ቻርጅ እኩል አይደለም። ኤሌክትሮን ከኤሌክትሮን ጋር ሲጋጭ የሞለር መበተን ነው። ፖዚትሮን ከኤሌክትሮን ጋር ሲጋጭ የባባ መበተን ነው፣ ተጠፋፍተው ወደ ፎቶን የሚለወጡበት መንገድም ይጨመርበታል። ሁለቱም በኳንተም ኤሌክትሮዳይናሚክስ በደንብ ይሰላሉ፣ ግን መሰላት አለባቸው።

ቬፕ-3 ሌላ መንገድ ሄደ። በትንሽ ማዕዘን ያለውን ነጥብ መነሻ አድርጎ እዚያ አር = 1 ብሎ አሰረው። ስለዚህ የቬፕ-3ን ቁጥር ከኦሊምፐስ ጎን ስታስቀምጡ መጀመሪያ መነሻ ነጥቡን በምታምኑት ሞዴል ማንቀሳቀስ አለባችሁ። ይህን ሳያደርጉ «አይጣጣሙም» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አትስሟቸው።

የሉሚኖሲቲ ስህተት ነጥቦቹን ሁሉ አንድ ላይ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል፣ ስሎፑን ግን አይነካም። መስመር ስትገጥሙ አንድ የጋራ ማባዣ ጨምሩ፣ በታተመው የስህተት ወሰን ውስጥ ይንቀሳቀስ። ከእያንዳንዱ ነጥብ ስህተት ጋር ደባልቃችሁ አታስገቡት።

ደረጃ 7፦ የጨረራ እርማቱን በትክክል ለዩ

እዚህ ደረጃ ላይ ቀስ በሉ። ከሁሉ የሚያሳስተው ይህ ነው።

ኤሌክትሮን ሲበተን ፎቶን ይረጫል። አብዛኛው እርማት (ቫኩም ፖላራይዜሽን፣ የቨርቴክስ እርማት፣ ኤሌክትሮኑ ብቻውን የሚረጨው) ለሁለቱም ቻርጅ እኩል ነው፣ በሬሾው ይጣፋል። ሁለት ነገር ግን ምልክት ይገለብጣል። አንዱ የምንፈልገው ሁለት ፎቶን ነው። ሌላው ኤሌክትሮኑ የረጨውና ፕሮቶኑ የረጨው ፎቶን ድብልቅ ነው። ይህ ሁለተኛው የማንፈልገው ነው፣ ተሰልቶ መውጣት አለበት።

ግን አንዱን ከሌላው እንዲሁ መቁረጥ አይቻልም። ከሁለቱ ፎቶኖች አንዱ በጣም ደካማ ሲሆን የሁለት ፎቶኑ ስሌት ወደ ኢንፊኒቲ ይሄዳል። የድብልቁ ጨረራ ስሌትም በተቃራኒው ወደ ኢንፊኒቲ ይሄዳል። ሲደመሩ ብቻ ይጠፋፋሉ። ስለዚህ የሁለት ፎቶኑ «ለስላሳ» ክፍል ከእርማቱ ጋር ይሄዳል፣ የቀረው «ጠንካራ» ክፍል ነው በዴልታ የሚገባው። ጥያቄው ድንበሩ የት ነው የሚለው ነው። ሞ እና ጻይ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1969 አንድ ቦታ አሰመሩት። ማክሲሞንና ቾን በ2000 ሌላ ቦታ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከምንፈልገው ምልክት ጋር የሚወዳደር ሊሆን ይችላል፣ ከኢፕሲሎንም ጋር ይለዋወጣል።

ኦሊምፐስ ውጤቱን በሁለቱም ድንበር አውጥቶታል። ሰንጠረዡን ስትቀዱ የትኛውን ዓምድ እንደወሰዳችሁ ፋይሉ ላይ ጻፉ። ከሌላ ሙከራ ወይም ከቲዎሪ ጋር ስታወዳድሩ ድንበሩ አንድ መሆን አለበት።

ደረጃ 8፦ ዴልታን አስሉና በፌሽባክ ፈትኑት

ዴልታ = (1 − አር) ÷ (1 + አር)። አር 1.014 ከሆነ ዴልታ −0.007 ነው። ምልክቱ ግራ አያጋባችሁ፦ አር ከ1 ከበለጠ ሁለተኛው ፎቶን የኤሌክትሮንን ክሮስ ሴክሽን ቀንሷል ማለት ነው።

መፈተኛው ይህ ነው። ኪው² ወደ ዜሮ ሲጠጋ ፕሮቶኑ ነጥብ ይመስላል፣ መልሱም በ1948 ማኪንሌይና ፌሽባክ ባወጡት ቀመር ይታወቃል፦

ዴልታ = ፓይ × አልፋ × ሳይን(ቴታ/2) ÷ (1 + ሳይን(ቴታ/2))

አልፋ 1/137 ስለሆነ ፓይ × አልፋ 0.0229 ነው። በ60 ዲግሪ ዴልታ +0.0076 ይሆናል፣ አርም 0.985። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ፕሮቶኑ ኤሌክትሮንን ይስባል፣ ፖዚትሮንን ይገፋል፣ ስለዚህ ኤሌክትሮን የበለጠ ይበተናል።

አሁን የኦሊምፐስን ሰንጠረዥ ክፈቱ። በከፍተኛ ኢፕሲሎን አር ከ1 ትንሽ ዝቅ ይላል፤ እስከዚህ ፌሽባክ ደህና ነው። ወደ ዝቅተኛ ኢፕሲሎን ስትወርዱ ግን አር ያድግና 1ን ያልፋል፣ ከ1 እስከ 2 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ምልክቱ ተገለበጠ! 60 ዲግሪ ላይ ፌሽባክ 0.985 ሲል መረጃው ከ1 በላይ ነው። ምክንያቱ ኪው² ወደ 2 ሲጠጋ ፕሮቶኑ ነጥብ መሆኑ ማብቃቱ ነው። ሁለቱ ፎቶኖች ውስጡን ያያሉ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ፎቶን መካከል ፕሮቶኑ ለአፍታ ዴልታ የሚባለውን ቅንጣት (ከእኛ ዴልታ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው) ወይም ሌላ የነቃ ሁኔታ ሊሆን ይችላል። የቲዎሪ ሰዎችን እንቅልፍ የሚነሳው ይህ የመካከል አፍታ ነው። በ2003 ብለንደን፣ ሜልኒቹክና ቾን መካከለኛው ሁኔታ ፕሮቶን እንደሆነ ወስደው አስልተው የቅራኔውን ጥሩ ድርሻ ማስረዳት ችለዋል። በዚያው ዓመት ጊሾንና ቫንደርሃገን ሁለት ፎቶን ሁለቱን ዘዴዎች በእኩል እንደማይነካ አሳዩ።

የኦሊምፐስ ነጥቦች ከአንዳንድ እንዲህ ካሉ ስሌቶች ያነሱ ናቸው። ከፎርም ፋክተር መረጃ በቀጥታ ከተገጠመ ከርቭ ጋርና ከአንድ የዲስፐርሽን ሞዴል ጋር ግን በደህና ይስማማሉ።

ደረጃ 9፦ ወደ ሮዘንብሉዝ መስመር መልሱት

ዴልታ = −ሀ × (1 − ኢፕሲሎን) በሚል ቀላል መስመር ጀምሩ። ኢፕሲሎን 1 ሲሆን ዴልታ ዜሮ እንዲሆን ያስገድዳል፣ ይህም በፊዚክሱ የሚጠበቅ ነው። ሀን ከአር ነጥቦች ግጠሙ። ከዚያ የድሮውን የኤሌክትሮን ክሮስ ሴክሽን እያንዳንዱን ነጥብ በ(1 + ዴልታ) አካፍሉና ስሎፑን እንደገና አውጡ።

ሁለት ወጥመድ አለ። የድሮዎቹ መረጃዎች አብዛኛዎቹ በሞ እና ጻይ ድንበር የታረሙ ናቸው፤ ዴልታችሁ በሌላ ድንበር ከወጣ ለስላሳውን ክፍል ሁለት ጊዜ ትቆጥሩታላችሁ። ሁለተኛው፣ «የሮዘንብሉዝ መስመር ቀጥ ያለ ነው፣ ስለዚህ ሁለት ፎቶን የለም» የሚል ክርክር ትሰማላችሁ። ዴልታ ራሱ ከኢፕሲሎን ጋር ቀጥ ባለ መስመር የሚሄድ ከሆነ መስመሩን አያጎብጠውም፣ ስሎፑን ብቻ ነው የሚቀይረው። ቀጥ ማለቱ ምንም አያረጋግጥም። በነገራችን ላይ ጀፈርሰን ላብ በኪው² 2.5 ላይ የፖላራይዜሽን ሬሾው ከኢፕሲሎን ጋር ይቀየር እንደሆነ ለክቶ ነበር፣ የሚታይ ለውጥ አላገኘም። ይህም የፖላራይዜሽኑ ዘዴ ብዙም እንደማይነካ ከሚለው ሐሳብ ጋር ይሄዳል።

«ታዲያ ሁለት ፎቶን ቅራኔውን ፈታው?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አቅጣጫው ትክክል ነው፣ መጠኑም ይመስላል እላለሁ። ተፈታ ግን አልልም። የፖዚትሮን መረጃው ያለው ኪው² እስከ 2 ገደማ ድረስ ነው። ቅራኔው ጎልቶ የሚታየው ከዚያ በላይ ነው።

ደረጃ 10፦ ቀጣዩ ሙከራ ምን ማየት እንዳለበት ተንብዩ

ወደ ኪው² = 4 እንመለስ። በደረጃ 1 ያገኘነውን ልዩነት በሙሉ ሁለት ፎቶን ካመጣው፣ ሀ ወደ 0.06 ይሆናል። አር እንግዲህ 1 + 0.12 × (1 − ኢፕሲሎን) ነው። ኢፕሲሎን 0.8 ላይ 1.024፣ 0.5 ላይ 1.06፣ 0.3 ላይ 1.084። ስምንት በመቶ! ይህ ከ1 በመቶ ሉሚኖሲቲ ጋር የሚታገል ምልክት አይደለም፣ ከሩቅ የሚታይ ነው። ካልታየም መልሱ ያው ግልጽ ነው።

ለምን አልተለካም ታዲያ? የደረጃ 4ን ቀመሮች ወደኋላ ፍቷቸው። ለኪው² 4 እና ኢፕሲሎን 0.3 የጨረሩ ጉልበት 3.06 ጊጋ፣ ማዕዘኑ 73 ዲግሪ መሆን አለበት። ለኢፕሲሎን 0.8 ደግሞ 5.45 ጊጋና 27 ዲግሪ። በዶሪስ 2.01 ጊጋ ፖዚትሮኑ 180 ዲግሪ ተገልብጦ ቢመለስ እንኳ ኪው² ከ3.06 አያልፍም። ጀፈርሰን ላብ የፖዚትሮን ጨረር ለመሥራት ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ የኤሌክትሮን ጨረሩ ይህን ጉልበት አስቀድሞ ያልፋል። ስዊዘርላንድ በፖል ሼረር ኢንስቲትዩት ያለው ሚዩዝ የተባለው ሙከራም ኤሌክትሮንንና ሙዮንን (ከባዱን የኤሌክትሮን ዘመድ) በሁለቱም ቻርጅ ያወዳድራል፣ ግን በዝቅተኛ ኪው² ስለሆነ እሱን መፈተን ያለባችሁ በፌሽባክ በኩል ነው። ኤክሴላችሁ ላይ ሁለት ዓምድ ጨምሩ፣ አንዱ ለኪው² 3፣ አንዱ ለኪው² 5፤ የቅርጽ ሬሾውን ከሁለቱም ዘዴ አስገብታችሁ ሀ ስንት እንደሚወጣ ራሳችሁ እዩት።